ለጋሽ መኩሪያ የጻፍኳቸው አራት ምክንያቶች

ለሰው ምክር ሰጥታችሁ፣ ምክንያቱን አንድ፣ ሁለት ብላችሁ አስረድታችሁ፣ እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ ምክሩ ግን ውሸት ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ደርሷል። የደረሰብኝም በጋሽ መኩሪያ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት ደብተር ሳርም፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «መምህርት፣ ዶፍ አረፉ አሉ» አለኝ። ዶፍ ጋሽ መኩሪያ በሪንግ፣ በትግሉ መድረክ ላይ፣ የሚጠሩበት ስም ነው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐዘን አልነበረም። «ስንት ሰው ይመጣላቸው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሄጄ አየሁት። ኮልፌ ከነገበያው መጥቶ ነበር። የእድሩ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አንዲት በርበሬ ነጋዴ፣ ጋሽ መኩሪያ በአንድ ትርኢት ላይ እንዴት ዓይናቸውን አፍጥጠው እንዳስሮጧት እያነባችም እየሳቀችም ታወራለች። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ቀናሁ። በሞተ ሰው ላይ ቀናሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በቅድሚያ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንጀራዬም ነው።

በኮልፌ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለማመድ የሬስሊንግ ቡድን ነበረን። በቴሌቪዥን እንደምናየው ዓይነት፣ ለትርኢት የሚደረግ ትግል ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ስለዚህ «ይሄማ የውሸት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው የምሰጠው መልስ አለኝ፤ አሸናፊው በስምምነት ነው፣ መሬቱ ግን ስምምነቱን አያውቅም። ከትከሻ ከፍታ የሚወድቅ ሰው በእውነት ይወድቃል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከታጋዩ ሌላ ማናጀር የሚባል አለ። ማናጀር ከገመዱ ውጭ ቆሞ ለታጋዩ ይናገርለታል፣ ሕዝቡን ይቆሰቁስለታል፣ ግጥሚያውን አብሮት ያቅዳል። ዕድሜያቸው የገፋ ታጋዮች ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይዞራሉ። በኛ ቡድን ግን ማናጀሯም ማይክ ያዧም እኔ ነበርኩ። ወደ ማዕከሉ የሄድኩት ለልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ልሰጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስተዋዋቂያቸው ቀረና ማይኩን «ለዛሬ ያዥልን» ብለው ሰጡኝ። አልመለስኩትም።

ጋሽ መኩሪያ ያን ጊዜ ስልሳን ሊደፍኑ ምንም ያልቀራቸው፣ አንገታቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ፍራሽ መሥራት ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ጥጥ ይነድፋሉ፣ ይሞላሉ፣ በረጅም መርፌ ይሰፋሉ። ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ አለ። የሪንጋችንን ወለል የሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ከታች ጣውላ፣ ከላይ በእጃቸው የተሰፋ ፍራሽ። «ፍራሽ የማያውቅ ሰው መውደቅ አያውቅም» ይሉ ነበር። ለአዲስ ታጋይ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ሳምንት ሙሉ መውደቅ ብቻ ነው። «አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ። ጀርባህን ስጥ፣ አንገትህን አትስጥ። ጣይ ምንም አይደለም፤ የሥራው ጌታ ወዳቂው ነው።»

ሪንግ ላይ የክፉ ሰው ሚና የሳቸው ነበር። ፀሐይ ጭው ባለበት ቀን ጃንጥላ ዘርግተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ቀስ ብለው ይገባሉ። አንዲት ቃል አይናገሩም። ሕዝቡ ግን ገና እግራቸው ገመዱን ሳይሻገር ያብዳል። «ውጣ አንተ ሽማግሌ!» «ጃንጥላውን ንጠቁት!» ቆሎ ሻጯ ቆሎዋን እየወረወረች ትሳደባለች። በማግስቱ ያችው ሴት ፍራሽ ልታሳድስ ትመጣና «ጋሽዬ፣ ትናንት አበዛሁት እንዴ?» ትላለች። እሳቸውም «አንሶሻል። ደመቅ አድርገሽ ስደቢኝ፣ እኔም ደመቅ አድርጌ እወድቃለሁ» ይሏታል።

እኔ ያንን ሕዝብ ዝም ለማሰኘት ማይክ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። እሳቸው ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ዝም ይላል።

ቅናቴ የጀመረው ግን ሪንግ አጠገብ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ግፊት የሚለውን ርዕስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሰጠሁት። ምስማርና ጣውላ ይዤ ገባሁ፣ በባለ ቀለም ጠመኔ ሥዕል ሣልኩ፣ «ያው ኃይል በጠባብ ስፋት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይጨምራል» ብዬ አስጻፍኩ። በፈተናው «በምሳሌ አስረዱ» አልኩ። አብዛኛው ልጅ ዓረፍተ ነገሬን መልሶ ጻፈልኝ። ማህሌት የምትባል ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ግን እንዲህ ጻፈች፦ «ዶፍ ሲወድቅ በጀርባውና በሁለት እጁ እኩል ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ኃይሉ ለብዙ ቦታ ይከፋፈላል። በክርኑ ቢያርፍ ግን ክርኑ ብቻውን ይከፍላል።»

ጠራኋት።

«ማነው እንዲህ ያስረዳሽ?»

«ዶፍ ነዋ! ከእማዬ ጋር ፍራሽ ልንገዛ ሄደን። ራሱ ወድቆ አሳየኝ።»

«እኔስ አላስረዳሁሽም?»

«አስረድተሻል እኮ ቲቸር» አለች አዝናልኝ። «ያንቺ ግን ምስማር ነበር።»

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም።

ቢንያምን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። በቀን ብረታ ብረት ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜ ይታገላል። ጉልበት አለው፣ ይዘላል፤ ፊቱ ግን ሪንግ ላይ ሲወጣ እንደ ተዘጋ ሱቅ ይሆናል። አንድ ዓመት ሙሉ ማናጀሩ ሆኜ ለፋሁበት። የፊት አገላለጽ በሠንጠረዥ ሠርቼ ሰጠሁት፤ ቁጣ፣ ድንጋጤ፣ ሕመም፣ ድል። አጠናው። ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ቅዳሜ የጋሽ መኩሪያ ጉልበት አብጦ ነበርና ከገመዱ ውጭ ቆመው ልምምዱን ሲያዩ ቆዩ። መሐል ላይ ገመዱን ያዝ አድርገው «ቢንያም» አሉት፣ «የምትቸኩለው ማን ጠርቶህ ነው? ሰውየውን ከመያዝህ በፊት እየው። ሕዝቡ ይፍራለት፣ ከዚያ ያዘው።» ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አላሉም። ቢንያም ቆመ። ተጋጣሚውን አየው። አዳራሹ ውስጥ ያለነው አሥር ሰው አንሞላም፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። የተዘጋው ሱቅ ተከፈተ።

እኔ በእጄ የያዝኩትን ሠንጠረዥ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሳምንቱ ጋሽ መኩሪያ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት በር ላይ መጥተው አስጠሩኝ። ኮታቸውን ለብሰዋል።

«መምህርት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንድ ነገር ላማክርሽ።»

«ይበሉ ጋሼ።»

«አስካለ በቃህ፣ ቤትህ ቁጭ በል እያለችኝ ነው። ቢንያም ደግሞ ማናጀር ሁኑኝ ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምን ቀረው። እኔ ግን መታገሉን እወደዋለሁ። ልተው ወይስ ልቀጥል?»

ቢንያም የኔ ታጋይ ነበር። ለኔ አልነገረኝም። ጋሽ መኩሪያ መታገሉን ትተው ከገመዱ ውጭ ከቆሙ፣ እኔ የት ነው የምቆመው? ይህ ሐሳብ በአንድ ቅጽበት መጣ፤ በአንድ ቅጽበትም ጠረጴዛ ሥር እንደሚደበቅ ልጅ ተደበቀ። በቦታው ምክንያቶች ብቅ አሉ፣ ተራቸውን ጠብቀው።

«ይቀጥሉ» አልኳቸው። «አንደኛ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ዶፍን ሊያይ ነው። ሁለተኛ፣ መውደቅ የልምድ ሥራ ስለሆነ ከወጣቶቹ ይልቅ እርስዎ ይጠነቀቃሉ። ሦስተኛ፣ በዚህ ዕድሜ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲያቆም ይብሱን ይታመማል። አራተኛ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማናጀርነት አፍ ይፈልጋል። እርስዎ ዝምተኛ ነዎት።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ጻፊልኝ» አሉ። «አስካለ የተጻፈ ነገር ታከብራለች።»

ከትምህርት ዕቅድ ደብተሬ አንድ ወረቀት ገነጠልኩ። አራቱንም በቁጥር፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ክፍል ገባሁ፤ ያን ቀን በደንብ አስተማርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በሱቃቸው ሳልፍ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደጅ ላይ የፍራሽ ልብስ ሲዘረጉ አገኘኋቸው።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጽሑፍሽ ያምራል» አሉኝ። ጨርቁን አራገፉት። «አንቺ ግን አትወድቂም።»

የሚቀጥለውን ለመረዳት አንድ የቡድናችንን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። «እሺታ» እንለዋለን። አንድ ታጋይ ሌላውን ወደ ላይ አንስቶ ከመጣሉ በፊት፣ የሚነሳው ሰው የአንሺውን የእጅ አንጓ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ዝግጁ ነኝ፣ አንሳኝ ማለት ነው። ተመልካች አያየውም። እሺታ ካልመጣ አንሺው አያነሳም፤ ሕዝቡ ቢጮህ፣ ትርኢቱ ቢበላሽ አያነሳም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ጋሽ መኩሪያ ናቸው። አንድ ልጅ ሕጉን ጥሶ ሲያነሳ ካዩ ለአንድ ወር ሪንግ አያስረግጡትም ነበር።

ትርኢቱ ዓለም ባንክ ሰፈር ነበር፤ ኮንዶሚኒየሞቹ መሐል ባለ ሜዳ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት። ሰው በረንዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። የመጨረሻው ግጥሚያ ዶፍ ከቢንያም ጋር ነው። በዕቅዱ መሠረት፣ ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቢንያም ዶፍን ከትከሻው በላይ አንስቶ ይጥላቸውና ያሸንፋል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም አማረ። ቢንያም ወገባቸውን ያዘ። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቆመ። እንደቆመ ቀረ።

«አንሳው! አንሳው!» ይላል ሕዝቡ።

እኔ ከገመዱ ሥር ስለነበርኩ ይሰማኛል።

«አንሳኝ እንጂ» አሉት ጋሽ መኩሪያ በጥርሳቸው መሐል።

«እሺታ አልሰጡኝም ጋሼ።»

«ሰጥቼሃለሁ።»

«አልያዙኝም። እጅዎ አንጓዬ ላይ አለ፤ አልያዘኝም።»

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ከበረንዳ አንዱ «ሽማግሌው ከበደው!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፍተቱን በወሬ መሸፈን የማን ሥራ ነው? የማይክ ያዧ ነው። ብዙ ማለት እችል ነበር፤ «ዶፍ ከበደ! ማን ያነሳዋል?» ብል ሕዝቡ ይይዝልኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ማይኩም ክፍት ነበር።

ዝም አልኩ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሦስት ትንፋሽ። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጣት ዝም የሚያሰኙት ሰው ሲሳቅባቸው ማየት ፈለግሁ። ደግሞም አየሁ። ደስ አለኝም ልበላችሁ፤ ደስታው እንደ ትኩስ ሻይ ምላሴን አቃጥሎ ወረደ።

ጋሽ መኩሪያ ግን እኔን አልጠበቁኝም። ከቢንያም እቅፍ ቀስ ብለው ተላቀቁ። ወደ ሕዝቡ ዞረው ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በግራ እጃቸው የቢንያምን ክንድ ያዙና ወደ ላይ አነሱት። ያ ክፉ ሰው፣ ለማንም እጅ ሰጥቶ የማያውቅ ዶፍ፣ የልጁን እጅ አነሳ። ሜዳው ጸጥ አለ። ቀጥለው ወደ ገመዱ ሄዱ። መካከለኛው ገመድ ላይ ተቀመጡ፣ የላይኛውን በትከሻቸው ወደ ላይ ገፉት፣ መሐሉ እንደ በር ተከፈተ። ማናጀሮች ለታጋያቸው የሚከፍቱት እንዲህ ነው። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም ለቢንያም ከፍቼለት አላውቅም፤ ማይክ ይዣለሁና።

«በል ውጣ ልጄ» አሉት።

ቢንያም ጎንበስ ብሎ በዚያ በር ወጣ። እያለቀሰ ነበር፤ የፊቱ አገላለጽ በሠንጠረዤ ውስጥ የለም። ሕዝቡ እንዴት እንደጮኸ አልነግራችሁም። ዓለም ባንክ የሚኖር ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት።

ማክሰኞ ዕለት ሱቃቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ፤ እንዴት እንደምጀምር ግን አላቀድኩም። እቅድ የሌለው ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ መኩሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መርፌውን በግራ እጃቸው ይዘው ይሰፉ ነበር። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

ከደረት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ዘረጉት።

«መምህርት፣ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አራቱም ልክ ነው። ያንቺ ግን የለበትም።»

«የኔ ምን?»

«ያንቺ ምክንያት።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። መካድ አሰብኩ። ለመካዱም ምክንያቶች በተራ መጡልኝ። ግን ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለዋል።

«ማይኩን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው» አልኩ። «ቢንያምንም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

«እንዴት?»

«አስካለን ብጠይቃት ተው ትለኛለች። ልጁን ብጠይቀው ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ቀጥል የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው። ኮልፌን ብዞር የሚቀናብኝ አንድ ሰው አንቺ ነሽ።» ሳቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንስተው እንደ ዕቃ አሳዩኝ። «ይሄ እጅ መያዝ ካቆመ ሰንብቷል። ከትከሻዬ ነው። መርፌ ይወድቅብኛል፣ ቁልፍ ይወድቅብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ልጁ እሺታ ሳልሰጠው ያነሳኛል ብዬ ነበር። ደግ ነው ብዬ። ደግነቱ አላነሳኝም።»

ቢያነሳቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። በአንድ እጅ የሚወድቅ ሰው ኃይሉን ማከፋፈል አይችልም። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬያለሁ።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?» አልኳቸው።

«በምን አፌ? አንቺ ከኔ ደበቅሽ፣ እኔ ከልጁ ደበቅሁ። ያንቺ በወረቀት ስለሆነ ያምራል እንጂ አንድ ነው።» መርፌውን አነሱ። «ማናጀርነቱን እይዘዋለሁ። ማይኩን አንቺ ያዢው፤ እኔ አፍ የለኝም። አራተኛው ላይ ጽፈሽዋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የቢንያም ማናጀር ሆኑ። ገመዱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ አንዳንዴ አንድ ቃል ይናገራሉ። እኔ ማይኬን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። ቅናቴ ተፈወሰ ብላችሁ እንዳታስቡ። በየቅዳሜው ቀንቻለሁ። ያን ሁሉ ጥፋቴን እያወቁ በቀላሉ መናገራቸው ራሱ ያስቀናኝ ነበር፤ እኔ ብሆን ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር።

ያረጀ ታጋይ ሪንግ ላይ ይቆይ ወይስ ማናጀር ይሁን? ሰዎች ይጠይቁኛል። ዕድሜ መቁጠር አይጠቅምም። ጓደኛውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ «ዝግጁ ነኝ» ማለት የሚችል ሰው በሰባ ዓመቱም ይውደቅ። እጁ ያንን መናገር ሲያቅተው ግን በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ከገመዱ ይውጣ፤ ከውጭ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ችግሩ እጁ መድከሙን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱ ደግሞ የሚጠይቀው መስማት የሚፈልገውን የሚነግረውን ሰው መርጦ ነው።

ከለቅሶው በኋላ በሳምንቱ አንዲት አንጋፋ የትምህርት ቤታችን መምህርት ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው «ከክፍል ወጥተሽ ዩኒት መሪ ሁኚ እያሉኝ ነው። ማስተማሩን ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁኝ። ምክንያቶቼ ወዲያው ተሰለፉ። አፌን ከፈትኩና መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው፦ «እትዬ፣ እርስዎ ቢተዉ ስምንተኛ ክፍል ለኔ ይደርሰኛል። በጣም እፈልገዋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ» አሉ፣ «አሁን ምክርሽን ልስማ።»

እናንተም ሞክሩት። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው «ልተው ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አይቀርም። ምክንያት ከመደርደራችሁ በፊት፣ እሱ ቢተው እናንተ ምን እንደምታገኙ፣ ቢቀጥል ምን እንደሚቀርባችሁ ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፊታችሁ ይግላል፤ ይጋል። ከዚያ ምክራችሁን ስጡ፣ ቀድሞ ካሰባችሁት ጋር አንድ መሆኑንም እዩት። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት።